ታየች እንጂ አላየችም፦ ጃፓንና ኢትዮጵያዊት ሴት በአማርኛ ጽሑፍ

1. መነሻ

ጃፓን ለአማርኛ ጽሑፍ እንግዳ አገር አይደለችም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን በ1924 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ ከዘጠና ዓመት በላይ አልፏል። ከእርሳቸው በኋላ ከበደ ሚካኤል በ1946 ዓ.ም. «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ብለው ጽፈዋል። ጥላሁን ገሠሠ «ጃፓኗን ወድጄ» ብሎ ዘፍኗል። በጥቅምት 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ቶክዮ ላይ የተቀዳጀው ሁለተኛው የማራቶን ድል ደግሞ የዚያችን ከተማ ስም ፊደል ላልቆጠረው ገበሬ ሳይቀር አድርሶለታል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሁሉ ጽሑፍና ዜማ ውስጥ አንድ ተራ ጥያቄ መልስ አያገኝም። አንዲት ኢትዮጵያዊት በጃፓን ብትኖር እሑድ ከሰዓት በኋላ ምን ታደርጋለች? ፀጉሯን ማን ይሠራላታል? ሲደክማት የት ታርፋለች? ማንንስ ትወዳለች?

ጥያቄው ለሂስ የሚበቃ አይመስል ይሆናል። እኔ ግን የአንድ ሥነ ጽሑፍ ብስለት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ላሉት ተራ ጥያቄዎች የሚሰጠው ስፍራ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው በጦር ሜዳና በግብር አዳራሽ ብቻ አይኖርም፤ የሚበዛው ዕድሜው የሚያልፈው በምግብ፣ በጉዞ፣ በሥራ፣ በጨዋታና በዕረፍት ነው። በዚህ ጽሑፍ ከላይ የጠቀስኋቸውን ሥራዎችና ሁለት ልብ ወለዶችን እየመረመርሁ፣ ኢትዮጵያዊቷ ሴት ከጃፓን ሥዕል ውስጥ የጠፋችበትን ምክንያት ለማሳየት እሞክራለሁ። በእኔ አመለካከት የጠፋችው ወደዚያ ስላልሄደች አይደለም። አማርኛ ጽሑፍ ጃፓንን ያየበት ዓይን ከመነሻው የመንግሥት ዓይን ስለነበረና፣ ፍቅርና መዝናናት በመጡ ጊዜም ዓይኑ የወንድ ብቻ ሆኖ ስለቀረ ነው።

አንባቢ ከየት ሆኖ እንደሚያነብ መታወቁ ለሂስ ስለሚጠቅም፣ እኔ መጻሕፍቱን የማነበው ከአዘና መሆኑን አስቀድሜ ልናገር። አዘና በአዊ ዞን የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በአካባቢዋ ያለ ልጅ በቤቱ አዊኛ ይናገራል፣ በገበያና በጽሕፈት ቤት አማርኛ ይጠቀማል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ደግሞ ግእዝ ይሰማል። በሌላው አገር የሚኖር አንባቢ አዊን የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ በፈረስ ትርዒት ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ በዓሉን ሲያከብር ፎቶግራፉ ይታተማል፤ በማግሥቱ ያለው ኑሮ ግን ፎቶግራፍ የለውም። በበዓል ቀን ብቻ መታየት ምን ማለት እንደሆነ በዚህ አገር ላደገ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ልምድ በጃፓን ስለምትኖር ጥቁር ሴት ለማሰብ ጥሩ መግቢያ ይሆናል።

2. የመንግሥት ዓይን

ኅሩይ ወደ ጃፓን የተጓዙት እ.ኤ.አ. በ1931 መጨረሻ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትርና የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በኅዳር 1923 ዓ.ም. በሁለቱ አገሮች መካከል የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሟል። በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የታወጀው የኢትዮጵያ የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1889 ከወጣው የሜጂ ሕገ መንግሥት ብዙ ነገር ወስዷል። በዙሪያችን የቅኝ ግዛት መንግሥታት ቆመው ነበር፤ የኢጣሊያም አሳብ የተሰወረ አልነበረም። እንዲህ ባለ ጊዜ የሚጓዝ መልእክተኛ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ አውሮፓዊ ያልሆነ ንጉሣዊ መንግሥት ነጻነቱን ጠብቆ መሠልጠን እንዴት ቻለ? ስለዚህ የመጽሐፉ ዋና ባለታሪክ ጃፓናዊ ሰው ሳይሆን የጃፓን መንግሥት ቢሆን አያስደንቅም፤ ኅሩይንም በዚህ መውቀስ ፍትሕ አይሆንም።

መታየት ያለበት ግን ይህ ዓላማ በአተራረኩ ላይ ያመጣው ውጤት ነው። የኅሩይ መጽሐፍ የክቡር እንግዳ ጽሑፍ ነው። ክቡር እንግዳ በየደረሰበት የሚቀበለው ሰው አለ፤ የሚያየው የተዘጋጀለትን ነው፤ የሚቀመጠውም በተመረጠ ወንበር ላይ ነው። የሽንኩርት ዋጋ አይጠይቅም፣ የቤት ኪራይ አያሳስበውም፣ መንገድ ቢጠፋው የሚመልሰው አያጣም። በሥነ ጽሑፍ አነጋገር መቼቱ ሰፊ ቢሆንም የኑሮ ጥልቀቱ ውስን ነው። የጉዞ ማስታወሻ ዘር በአገራችን በዚህ መልክ በመጀመሩ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ጸሐፊዎች ያንኑ ወንበር ወርሰዋል።

ከበደ ሚካኤል የጻፉት ጃፓን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከተሸነፈችና ሁለት ከተሞቿ በአቶሚክ ቦምብ ከነደዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። እንዲያም ሆኖ ጥያቄያቸው ያው የሥልጣኔ ጥያቄ ነው፤ ትምህርትን፣ ትጋትንና የአገር ፍቅርን ለወጣቱ አንባቢ በአርአያነት ለማቅረብ ያለመ ነው። እዚህ ላይ አንባቢ የመጽሐፉን ርእስ ልብ እንዲልልኝ እሻለሁ። «ሠለጠነች» የሚለው ግሥ የሴት ነው። አገር በአማርኛ በሴት ጾታ የምትጠራ በመሆኗ ጃፓን በርእሱ ላይ አንዲት ሴት ሆና ትሄዳለች፣ ትማራለች፣ ትነሣለች። ያቺ በሰዋስው የተፈጠረች ሴት ቦታውን ሁሉ ስለያዘችው የሥጋና የደም ሴት፣ ጃፓናዊትም ሆነች ኢትዮጵያዊት፣ የምትቆምበት ስፍራ አላገኘችም። ይህን የምለው ለቃላት ጨዋታ አይደለም። አገርን በሴት እየመሰለ የሚናገር ጽሑፍ ሴቲቱን ራሷን እንደ ምሳሌ እንጂ እንደ ሰው ማየት ያስቸግረዋል።

ከአዘና ሆኖ ለሚያነብ ሰው ሌላም ጥያቄ ይመጣል። የጃፓን ሥልጣኔ ሲወደስ ሁልጊዜ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ልብ ይባላል። ነገር ግን በሰሜን ጃፓን የሚኖሩት አይኑ የተባሉት ሕዝቦች የራሳቸው ቋንቋና ባህል ነበራቸው። የአይኑ ሴቶች በከንፈራቸው ዙሪያ ይነቀሱ ነበር፤ የሜጂ መንግሥት ግን ይህን ንቅሳት እ.ኤ.አ. በ1871 ከለከለ። የጃፓን ፓርላማ አይኑዎች ነባር ሕዝብ መሆናቸውን በሕግ ያወቀላቸው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። «እንደምን ሠለጠነች» ለሚለው ጥያቄ የእነዚያ ሴቶች ከንፈር የመልሱ አካል ነው። እናቶቹና አያቶቹ በግንባራቸውና በአንገታቸው ላይ መስቀል የተነቀሱ፣ የቤቱ ቋንቋም ከትምህርት ቤቱ ቋንቋ የተለየበት አንባቢ ይህን ሳያስተውል አያልፍም። ሥልጣኔ በሴት ገላ ላይ እንደሚጻፍም ከዚህ ይረዳል።

3. በአንድ አቅጣጫ የሄደ ፍቅር

ከመንግሥት ጉዳይ ወጥተን ወደ ፍቅር ስንገባ ሥዕሉ የሚለወጥ ይመስላል። ከኅሩይ ጋር ወደ ጃፓን ከሄዱት ወጣቶች አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ከጉዞው በኋላ ጃፓናዊት የማግባት አሳብ እንዳላቸው በጃፓን ጋዜጦች ተነገረ፤ ፈቃደኛ ከሆኑት ወይዛዝርት መካከልም የመኳንንት ልጅ የነበረችው ማሳኮ ኩሮዳ እ.ኤ.አ. በ1934 መጀመሪያ ላይ ተመረጠች። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ። ጋብቻው ግን በዚያው ዓመት ፈረሰ፤ ለመፍረሱም የኢጣሊያ ተቃውሞ በምክንያትነት ሲጠቀስ ይኖራል። ማሳኮ ወደ አዲስ አበባ አልመጣችም።

ታሪኩ በዲፕሎማሲ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የታወቀ ነው። በሥነ ጽሑፍ ዓይን ስንመለከተው ደግሞ አንድ ነገር ጎልቶ ይወጣል። መራጩ ኢትዮጵያዊ ወንድ ነው፤ ተመራጯ ጃፓናዊት ሴት ናት። እርሷ ወደማታውቀው አገር ለመምጣት ስትወስን ምን ተስፋ አድርጋ እንደነበር አንድም የአማርኛ ልብ ወለድ አልጠየቀም። ታሪኩ ተገልብጦ የኢትዮጵያ መኳንንት ልጅ ለጃፓናዊ መስፍን ለመዳር ስሟን በጋዜጣ ብታስመዘግብ ኖሮ በዘመኑ ምን ይባል እንደነበር መገመት አያዳግትም። የሁለቱ አገሮች ወዳጅነት በጋብቻ ሲታሰብ እንኳ ኢትዮጵያዊቷ በአሳቡ ውስጥ የለችም።

ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ ዘመቱ። በኮሪያ የተዋጉት የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይላኩ ነበር። «ጃፓኗን ወድጄ» የተሰኘው የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን በሕዝብ ጆሮ ከዚህ ትዝታ ጋር ተያይዞ ይኖራል። ዘፈኑ የተወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። ከመንግሥት ወረቀት ውጭ ሆኖ፣ ጃፓንን በአንዲት ልጃገረድ ፊት አማካይነት ያስታወሰን እርሱ ነው። ዕረፍት፣ ፍቅርና ናፍቆት ለመጀመሪያ ጊዜ ከጃፓን ስም ጋር በአማርኛ የተገናኙት በዚህ ዜማ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የወታደሩ ልብ በዘፈኑ ቦታ አግኝቷል። ጃፓናዊቷ ግን እንደ ማሳኮ ሁሉ የምትወደድ እንጂ የምትናገር አይደለችም፤ ኢትዮጵያዊቷ ደግሞ እቤቷ ሆና በራዲዮ ታዳምጣለች።

በውጭ አገር መውደድና መዝናናት በአማርኛ ልብ ወለድ ፈጽሞ አልተጻፈም እንዳይባል የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ትኩሳት» አለ። በፈረንሳይ ኤክስ አን ፕሮቫንስ የሚኖሩ ተማሪዎች በቡና ቤት ይቀመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ይዋደዳሉ፣ ሌሊቱን ይጨርሳሉ። የመጽሐፉን ግብረ ገብ በተመለከተ የተነሣው ክርክር ለእኔ ጉዳይ አስፈላጊ አይደለም። አስፈላጊው ነገር አማርኛ በባዕድ ከተማ ውስጥ ያለ ሥራ የሚያልፍን ከሰዓት በኋላ፣ የወጣትነትን ድብርትና ደስታ ለመግለጽ ብቁ ቋንቋ መሆኑ በዚህ ሥራ መረጋገጡ ነው። ስለዚህ «አማርኛችን ለዚህ ዓይነቱ ኑሮ ቃል የለውም» የሚል ምክንያት አይሠራም። ቃሉ አለ፤ የተሰጠው ግን ለወንዱ ነው።

ወደ ኋላ ሄደን የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ ብናይ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ በኋላ «ጦቢያ» በተባለው ሥራ፣ ባለታሪኳ ልጃገረድ ወንድሟን ፍለጋ ከአባቷ ጋር ስትጓዝ የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ጉዞዋ የሚቻለው ሴትነቷን ስትሰውር ነው። የአማርኛ ልብ ወለድ ሴትን መንገድ ላይ ያወጣት ገና ከልደቱ ነው፤ ነገር ግን ያወጣት አልብሶና ሰውሮ ነው። ከዚያ ወዲህ በራሷ ልብስ፣ በራሷ ስም፣ በራሷ ዓይን ሩቅ አገር የምትዞር ባለታሪክ በቁጥር ጥቂት ናት። ወደ ዐረብ አገሮች ስለሚሄዱ እኅቶቻችን የተጻፈውና የተዘፈነው ብዙ ነው፤ ተገቢም ነው፤ ነገር ግን በእነዚያ ሥራዎች ውስጥ ሴቲቱ የምትታየው በመከራዋ በኩል ብቻ ነው። ስትስቅ፣ ልብስ ስትመርጥ፣ ከጓደኛዋ ጋር ስትከራከር እምብዛም አትገኝም።

4. ያልተጻፈው ዕለታዊ ኑሮ

ከላይ ሴቲቱ ከሥዕሉ የጠፋችው ስላልሄደች አይደለም ብያለሁ። በቶክዮ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ካትሱሺካ በተባለው ክፍለ ከተማ ዮትሱጊ አካባቢ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ይኖራል፤ የኢትዮጵያ ምግብ ቤትም አለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2007 ዓ.ም. ወደ ናሪታ በረራ ጀምሯል። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው የአፍሪካ ወጣቶች የትምህርት ዕድል አማካይነት የአፍሪካ ወጣቶች በጃፓን ዩኒቨርሲቲዎች ገብተዋል። ተማሪ፣ ሠራተኛ፣ ሚስት፣ እናት ሆና በጃፓን የምትኖር ኢትዮጵያዊት አለች። የጽሑፉ ዝምታ እንግዲህ የኑሮው ዝምታ አይደለም።

ይህች ሴት የምትኖረው ኑሮ ለጸሐፊ ምን ያህል ሀብት እንዳለው በጥቂት ምሳሌዎች ላሳይ። በመጀመሪያ ቋንቋውን እንውሰድ። አዊኛም፣ አማርኛም፣ ጃፓንኛም ግሥን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ያኖራሉ። ጃፓንኛ እንደ አማርኛ ሁሉ ለታላቅና ለታናሽ፣ ለእንግዳና ለወዳጅ የሚነገረውን ይለያል፤ ግሡ ራሱ እጅ ይነሣል። «አንተ» እና «እርስዎ» መካከል ያለውን ርቀት እያሰበች ያደገች ሴት በዚህ ረገድ ከብዙ የውጭ አገር ሰዎች የቀደመች ናት። ልጅ ሆና ከአዊኛ ወደ አማርኛ መሻገር የለመደች የአዘና ልጅ ደግሞ በማታውቀው ቋንቋ ክፍል ውስጥ ዝም ብሎ መቀመጥና ቀስ በቀስ መስማት ምን እንደሆነ አስቀድማ ታውቀዋለች። ይህ በአማርኛ ገና ያልተነገረ የሥነ ልቡና ታሪክ ነው።

ስሟንም እንመልከት። የጃፓን ካና እንደ ፊደላችን ተነባቢንና አናባቢን በአንድ ምልክት አጣምሮ የሚጽፍ ነው። ሆኖም አናባቢ ሳይከተለው በ«ሽ» የሚያልቅ ቃል መጻፍ አይሆንለትም። ፋንታነሽ የተባለች ሴት በመታወቂያዋ ላይ «ፋንታኔሹ» ሆና ትገኛለች። በአማርኛ «ሽ» አንዲትን ሴት ፊት ለፊት የምንጠራበት ድምፅ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም «አንቺ» የሚለውን መጨረሻውን ሲያጣ ለሴቲቱ ምን ይሰማት ይሆን? ጥሩ የአጭር ልቦለድ ጸሐፊ ከዚህች ፊደል ብቻ አንድ ሙሉ ታሪክ ሊያወጣ ይችላል።

ከዚያ ደግሞ ገላዋ አለ። በባቡር ውስጥ ሰው ተጨናንቆ ሳለ ከባዕዱ ሰው ጎን ያለው ወንበር ባዶ መቅረቱን በጃፓን የኖሩ የውጭ አገር ሰዎች ደጋግመው ጽፈውታል። ጉዳዩ ስድብ አይደለም፤ ማንም ክፉ ቃል አልተናገረም። በዚህ ምክንያት ለመክሰስም ለመርሳትም አስቸጋሪ ነው። ስለ ፀጉሯ ብናነሣ፣ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ፍለጋ ሁለት ባቡር መቀያየር ሊኖርባት ይችላል። በዚያ አገር የፀጉር ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2017 በኦሳካ አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በተፈጥሮ ቡናማ የሆነውን ፀጉሯን ጥቁር እንድትቀባ በመገደዷ ክስ መሥርታ ነበር። ጃፓናዊቷ ልጅ ለፀጉሯ ይህን ያህል ከተቸገረች ሹሩባ የተሠራች ሴት የምትሳበውን ዓይን መገመት ይቻላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጓደኛ ጉልበት መካከል ተቀምጦ ፀጉር መሠራት በአዘና የሰፈር ጨዋታ ነው፤ በቶክዮ ግን ቀጠሮና የባቡር ቲኬት ይፈልጋል። ይህ ልዩነት በራሱ የሁለት ዓለም መግለጫ ነው።

በጃፓን ተወልደው ያደጉት ጥቁር ደም ያላቸው ሴቶች እንኳ ከዚህ አላመለጡም። እናቷ ጃፓናዊት፣ አባቷ ጥቁር አሜሪካዊ የሆነው አሪያና ሚያሞቶ እ.ኤ.አ. በ2015 የጃፓን ሚስ ዩኒቨርስ ሆና ስትመረጥ «በቂ ጃፓናዊት አይደለችም» የሚል ተቃውሞ ተነሥቶባታል። ናኦሚ ኦሳካ አባቷ የሄይቲ ተወላጅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የቶክዮ ኦሎምፒክን ችቦ የለኮሰችው እርሷ ናት። ሁለቱም ዓለም የሚያውቃቸው በመድረክና በሜዳ ላይ ነው። በዚህ በኩል ዕጣቸው ጥር 23 ቀን ብቻ ከሚታየው ፈረሰኛ ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። ትርዒቱ ሲያበቃ የሚቀጥለውን ሕይወት የሚነግረን ጋዜጣ ሳይሆን ሥነ ጽሑፍ ነው።

5. ዕረፍትና መዝናናት

መዝናናት የሚለው ቃል በአማርኛ ለሴት ሲነገር ጥርጣሬ ይከተለዋል። ወንድ ተዝናና ሲባል ዐረፈ ማለት ነው፤ ሴት ተዝናናች ሲባል ግን ሰሚው «ከማን ጋር?» ይላል። በልብ ወለዶቻችንም ውስጥ የምትዝናና ሴት አብዛኛውን ጊዜ ወይ የቡና ቤት ሴት ናት፣ ወይ ለመሳሳት የተቃረበች ልጃገረድ ናት። የጨዋዋ ሴት ዕረፍት ተብሎ የሚቀርብልን የቡና ሥርዓት ነው፤ እርሱም ቢሆን ለእርሷ ሥራ ነው። የምትቆላው፣ የምትወቅጠው፣ የምትቀዳው፣ ረከቦቱን የምታነሣው እርሷ ናት።

በጃፓን ቡና ቤቶች የኢትዮጵያ ቡና «ሞካ» በሚል ስም፣ የሲዳሞና የሐረር ስም እየተጨመረበት ይሸጣል። ኢትዮጵያዊቷ ወደ አንዱ ገብታ ብትቀመጥ ያገሯን ቡና ሌላ ሰው ይቀዳላታል፤ ስኒውንም ሌላ ሰው ያነሣላታል። ቡናን እየቀዳች ያደገች ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀድቶላት የምትጠጣበት ቅጽበት ትንሽ ነው፤ ትርጉሙ ግን ትንሽ አይደለም። ናፍቆትና ነጻነት በአንድ ስኒ ውስጥ ይገናኛሉ። ናፍቆቱን አማርኛ በሚገባ ይገልጸዋል፤ ነጻነቱን ግን ያለ እፍረት ለመግለጽ ገና አልለመደም።

ሌላው ምሳሌ ፍል ውኃ ነው። በጃፓን ኦንሰን በሚባሉት ፍል ውኃዎች መታጠብ ትልቅ መዝናኛ ነው፤ ሴቶች ከሴቶች ጋር ያለ ልብስ ይገባሉ። ንቅሳት ያለበትን ሰው ግን ብዙዎቹ አያስገቡም፤ በዚያ አገር ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ተያይዞ ስለሚታይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ፊቷ ላይ የባህሏ ንቅሳት ያለባት አንዲት የኒውዚላንድ ማኦሪ ሴት በሆካይዶ ወደ አንድ ፍል ውኃ እንዳትገባ ተከልክላለች። ሆካይዶ የአይኑዎች አገር መሆኗን አንባቢ ያስታውስ። እንግዲህ ከአዊ ወይም ከሌላው የጎጃም ክፍል የሄደች፣ በአንገቷ ላይ ንቅሳት ያለባት ሴት በር ላይ ብትቆም ምን ትባል ይሆን? ለእናቷ ጌጥና እምነት የሆነው ምልክት ለበረኛው የወንበዴ ምልክት ይሆንበታል። በዚህ አንድ በር ላይ ገላ፣ እምነት፣ ሥልጣኔና ዕረፍት በአንድነት ይገናኛሉ። የመንግሥት ዓይን ይህን በር አያየውም፤ ክቡር እንግዳ እዚህ በር ላይ አይቆምምና።

ሴትና ፍል ውኃ ለእኛም ታሪክ እንግዳ አለመሆናቸውን መዘንጋት የለብንም። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው የፍል ውኃውን ስፍራ ስለወደዱትና በዚያ ቤት እንዲሠራ ስላደረጉ ነው። የአማርኛ መጻሕፍት የሚታተሙባት ዋና ከተማ መነሻዋ የአንዲት ሴት ዕረፍት ነው። ታሪካችን ይህን ያውቃል፤ ሥነ ጽሑፋችን ግን ጣይቱን በዐድዋ እንጂ በፍል ውኃው ዳር እምብዛም አያስቀምጣትም።

በጃፓን በጣም የታወቁት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ሯጮቻችን ናቸው። በነሐሴ 1999 ዓ.ም. በኦሳካ የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ዲባባ በ10,000 ሜትር፣ መሠረት ደፋር በ5,000 ሜትር ወርቅ አግኝተዋል። የዘገባው ቋንቋ የድል፣ የሰንደቅ ዓላማና የእንባ ቋንቋ ነበር። ተገቢ ነበር፤ እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን ከሩጫው በማግሥቱ ስላለው ቀን፣ ከሆቴል ወጥቶ በማይታወቅ ጎዳና ስለ መሄድ፣ ለእናት ዕቃ ስለ መምረጥ የሚነግረን የለም። ሴቲቱ በ1924 ዓ.ም. ከቆመው የመንግሥት ዓይን ፊት በ1999 ዓ.ም. ሮጣ አለፈች፤ ዓይኑ ግን የእርሷ አልሆነም።

6. ማጠቃለያ

በዚህ ጽሑፍ ኅሩይና ከበደ ሚካኤል የአገርን ጥያቄ ይዘው ጃፓንን እንዳዩ፣ ዘፈኑ የወንድን ፍቅር እንደጨመረበት፣ «ትኩሳት» የባዕድ አገር መዝናናትን በአማርኛ መጻፍ እንደሚቻል እንዳስመሰከረ፣ ኢትዮጵያዊቷ ግን በየትኛውም ዘንድ ተራኪ ሆና እንዳልቀረበች ለማሳየት ሞክሬአለሁ። «ጥቁር ሴት በጃፓን» የሚለው ርእስ ለአማርኛ የሩቅ ርእስ መስሎ ቢታይም በውስጡ ያሉት ጉዳዮች የቅርብ ናቸው፤ የቤትና የትምህርት ቤት ቋንቋ መለያየት፣ በትርዒት ቀን ብቻ መታየት፣ የንቅሳት ክብርና ነውር፣ የሴት ዕረፍት መጠርጠር።

ይህን ክፍተት የሚሞላው ጽሑፍ ሌላ የአድናቆት የጉዞ ማስታወሻ ሊሆን አይገባውም። የመከራ ዝርዝርም ብቻ ሊሆን አይገባውም፤ የሚያሳዝነን እንጂ የምናውቃት ሴት አያስገኝልንምና። በጃፓን ያሉት እኅቶቻችን ለእናቶቻቸው በስልክ የሚያወሩት፣ ለጓደኞቻቸው የሚጽፉት፣ ለራሳቸው የሚያንጎራጉሩት አለ። የቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ክፍሎቻችን ተረትና ምሳሌ ለመሰብሰብ ገጠር ለገጠር እንደሚዞሩ ሁሉ ይህንም በባለቤቶቹ ፈቃድ ቢሰበስቡ ለነገ ጸሐፊ ስንቅ ይሆናል።

ለሐያስያንም አንድ መለኪያ ይኖረናል። ስለ ውጭ አገር ኑሮ የተጻፈ ሥራ ሲቀርብልን ሴቲቱ ስንት መከራ እንዳሳለፈች ወይም ለአገሯ ምን እንዳስገኘች ከመቁጠራችን በፊት በመጽሐፉ ውስጥ ዐርፋ የተቀመጠችበትን ገጽ እንፈልግ። ማንንም ሳትጠብቅ፣ ለማንም ሳትቀዳ፣ የምታየውን በራሷ ቃል እየተናገረች የተቀመጠችበት አንድ ገጽ ከተገኘ ሥራው ሰው ፈጥሯል። ካልተገኘ ግን ባለታሪኳ አሁንም እንደ ጦቢያ በሌላ ሰው ልብስ እየተጓዘች ነው።